ዳር የሌለው መንገድ

ይድረስ ከጣና ማዶ ለምትኖር ወንድሜ። ጤናህ እንደምን ነው? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳል ተወህ ወይስ የባሕሩ ንፋስ ባሰበት? እኔ ለዛሬዋ ቀን ደርሻለሁ፤ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይነጫነጫል እንጂ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ዘውገም ደኅና ነው። ታውቀው የለ፣ ቢታመምም አይናገርም።

ሌላውን ከመጻፌ በፊት የጎረቤታችንን የእመት ትርንጎን ጤና ልንገርህ። ስማቸውን ስታይ ልብህ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ልጃቸውን ጌጡን ገድለህ አገር የለቀቅህባቸው ሴት ናቸው፤ ስለ እርሳቸው ጤና ከእኔ መስማት ይከብድሃል። ግን ስማኝ። እመት ትርንጎ ታመዋል። ግማሽ አካላቸው ከድቷቸዋል። ቀኝ እጃቸው አይነሣም፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። ዓይናቸው ያያል፣ ጆሯቸውም ይሰማል ይላሉ። ምራታቸው ውዴ ቅቤ በማር አቅልጣ በጣቷ ታቀምሳቸዋለች። የተረፈላቸው ልጅ አለሙ ከአልጋቸው ሥር አልነሣም ብሏል። ትንሿ የአለሙ ልጅ ደግሞ ፈንጣጣ ይዟት ነበር፣ እርሷስ ተርፋለች፤ ፊቷ ላይ ጥቂት ጠባሳ ብቻ ቀረ። እንግዲህ የዚያ ቤት ወሬ ይኸው ነው። የኛም ቤት ወሬ ከዚያው ይጀምራል።

በይፋጉ ጨው ነጋዴ አፍ የላክህብኝ መልእክት ደርሶኛል። «አዲስ መንገድ ወጣ ይላሉ፤ በየት በኩል ልምጣ?» ብለሃል። ሰውየው ይህንን ሲነግረኝ ከጨዉ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ነበር፤ እህል ልትሸምት መምጣትህ መስሎታል። እኔ ግን ቃልህን ይዤ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ና ልልህ ነበር እኮ! ይህን ወረቀት ከጋፋት ሠራተኞች በእንቁላል የለወጥሁት ና ብዬ ልጽፍበት ነበር። አባታችን ከአንተ ጋር አብሮ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህች ቀን ነው ብዬ ነበር። አሁን ምን እንደምጽፍበት አንብበህ ትረዳለህ።

አንተ የምታውቃቸው መንገዶች የሉም። ከዚያ ልጀምር።

ያን ጊዜ ጌጡ በገብሱ መካከል የሚያልፈውን መንገድ በእሾህ አጥሮ፣ አንተም እሾሁን አንሥተህ አህዮችህን ስትነዳ፣ እርሱ ተመለስ ሲል አንተ አልመለስም ስትል፣ በአንድ ዱላ ነገሩ አለቀ። አንተ ሄድህ፤ እኛ ቀረን። ሽማግሎቹ ደም እንዳይደገም ብለው መንገድ ለዩልን። የሸንተረሩ መንገድ ለባለደሞቹ ሆነ፤ ደረቁ፣ አጭሩ፣ ፀሐይ የሚያየው። የፈፋው መንገድ ለእኛ። ከቤታችን ቁልቁል ወርደህ፣ በሬ የሚጠጣበትን ጭቃ ረግጠህ፣ አልቅት እግርህ ላይ ተጣብቆ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቅ ትላለህ። እኔ ሚካኤል ደጅ ስደርስ ቅዳሴው ተጋምሶ ይቆየኛል። መምሬ ቀለመወርቅ አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ «አንቺ ልጅ፣ ወንጌሉን ከዚህ ሌላ የት ነው የምትሰሚው?» ብለው ሰው ፊት አሳቁብኝ። እኔም «ከእንቁራሪቶቹ ነው አባቴ» አልኋቸው።

ገበያም እንዲሁ፣ ውኃም እንዲሁ። ድንገት ከተገናኘን ደግሞ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። የገዳይ ወገን ከመንገድ ዳር ወጥቶ፣ ራሱን ተከናንቦ፣ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ባለደሙ እስኪያልፍ አይዞርም፣ አይናገርም፣ እጁንም አይዘረጋም። እርቅ ሳይወርድ የነካ፣ እርቁን አፈረሰ ይባላል። ይህንን ሥርዓት አንድም ቀን አላጎደልሁም። ማን ይሆን ያስተማረኝ ብትል፣ ያንተ ናፍቆት ነው። ሥርዓቱን ከጠበቅሁ አንድ ቀን ትመጣለህ ብዬ ነበር።

ከዚያ የሠረገላው መንገድ መጣ። ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ መንኮራኩር ይሠራሉ፤ ክቡን እንጨት በብረት ያስሩታል። የንጉሥ ትእዛዝ ነው ተባለና ከደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ጎልማሳ ሁሉ ዶማ ይዞ ወጣ። መንኮራኩር እንደ በቅሎ አይደለም፣ ድንጋይ አይመርጥም፣ ዳገት አይወድም አሉ። ስለዚህ ኮረብታውን ሰንጥቀው መካከሉን አሳለፉት። ሸንተረሩ ተቆርጦ የነርሱ መንገድ ገደል አፍ ላይ ቀረ። የተቆፈረውን አፈርና ድንጋይ ደግሞ ወደ ፈፋው ናዱትና የኛ መንገድ ተቀበረ። እነርሱም እኛም፣ ከብቱም፣ ሠረገላውም፣ ሁላችንም በዚያ በቀዩ ስንጥቅ ማለፍ ሆነ። ከሁለት ወገን የተቆፈረው አፈር ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዳር ብሎ ነገር የለውም። ወዴት ትወጣለህ?

ሠረገላው መጀመሪያ ያለፈ ቀን እንዴት እንደ ሳቅን ብታይ! ሲሄድ ይጮሃል፤ ቅባት አጥቶ እንደሚያለቅስ ነገር ነው። እመት ትርንጎ ከደጃቸው ቆመው «ይኸ እግር የሌለው ጅብ ከየት መጣ?» ብለው ጮኹ። እኔ ከኛ አጥር ውስጥ ሆኜ ሰማኋቸው። ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ፤ መሳቅን ሽማግሎቹ አልከለከሉም።

አሁን የዘውገን ልንገርህ። ሠረገላ ጎታች ብለው ያዙት፤ አለሙንም ያዙት። አለቃቸው የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ደማችንን አያውቅ፤ ሁለቱንም በአንድ ጠፍር ላይ አሰለፋቸው። አለሙ ከፊት፣ ዘውገ ከኋላው። የኔው ባል ፊቴን ላዙር ቢል ጠፍሩ አያዞረው፣ ዳር ልውጣ ቢል ዳር የለ። «የአለሙን ማጅራት ከገዛ ልጆቼ ፊት ይልቅ አወቅሁት» እያለ ይመጣል። ብዙ ቀን እንዲህ ጎተቱ። አንድ ቀን ለዕረፍት ቆመው ሳለ አለሙ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ አለኝ። እጁ ላይ ቆሎ አለ። ዘውገም ዝም ብሎ ተቀብሎ በላ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ «ጨው በዝቶበታል» ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን ማጀት ገብቼ አለቀስሁ።

ነገሩ ከዚያ ተነሣ። አለሙ ለሽማግሎቹ «እናቴ ከማረች እኔ አልከለክልም» አለ። አጎቶቹ ተቆጡ፣ ግን በእናት ቃል ላይ ማን ይናገራል? እመት ትርንጎም «እኔ አርጅቻለሁ፤ ሁለት ልጅ ከምቀብር አንዱን ቂም ልቅበር» አሉ አሉ። በኅዳር ሚካኤል፣ በደጀ ሰላሙ፣ በሽማግሎቹ ፊት ማርኩ ሊሉ ቃል ሰጡ። ቃሉ ከተባለ በኋላ ላንተ ይላካል፤ አንተም ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ ትመጣለህ፤ እርሳቸውም በእጃቸው ያወርዱልሃል። ሥርዓቱ ይኸው ነበር። በአፋቸው ማርኩ ማለት፣ በእጃቸው ድንጋዩን ማውረድ።

እንግዲህ አፋቸውና እጃቸው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌልሃለሁ።

ዋዜማው ነበር። ለበዓሉ ጧፍ ልሸምት ገበያ ውዬ ስመለስ ቀዩ ስንጥቅ ውስጥ ገባሁ። መካከሉ ላይ ስደርስ ከፊቴ የእመት ትርንጎን ምርኩዝ ሰማሁ። ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ቀለመወርቅ እየሄዱ ነበር። ወደ ኋላ ልመለስ ብል ሩቅ ነው፤ ዳር ልውጣ ብል ግድግዳ ነው። ራሴን ተከናንቤ ፊቴን ከአፈሩ ጋር አጣበቅሁት። የተቆረጠ የግራር ሥር አፍንጫዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እርሱን ነው የማየው።

ምርኩዙ ቀረበ። ከጀርባዬ ደረሰ። ከዚያ ቆመ። አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ፤ ሸክም ያወረዱ መሰለኝ። ሊያርፉ ነው አልሁ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቆይተው «ልጄ» አሉ። ውዴ ከኋላ እየተከተለች ይሆናል፣ እርሷን ነው አልሁ። ደግመው «አንቺ ልጅ… አንሺኝ» አሉ።

ወንድሜ፣ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልህም። ልዞር አንገቴ ጀመረ። ከዚያ አሰብሁ፦ ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ይህንን ሁሉ ዘመን ጠብቄ፣ ለነገ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ዛሬ እጃቸውን ነክቼ እርቁን ላፍርስ? ቢፈትኑኝስ? አጎቶቹ ከላይ ቆመው ቢያዩስ? እንዲህ እያልሁ ለአንተ ብዬ ቆምሁ። ስላንተ ነው የቆምሁት። ሦስተኛ ጊዜ የተናገሩት ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሠረገላው ከጋፋት በኩል እየጮኸ መጣ። ከፊት አለሙ፣ ከኋላው ዘውገ። አለሙ ሲደርስ ያየው እናቱ መሬት ላይ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ነው። መንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ ወርውረው አቆሙት። አለሙ ጠፍሩን ከትከሻው አውልቆ እናቱን ሲያነሣ እኔ ያን ጊዜም ፊቴን አላዞርሁም። ዘውገ ነው በትከሻዬ ይዞ ያዞረኝ። አለቃቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቃውን አስወርዶ እመት ትርንጎን ሠረገላው ላይ አስተኛቸው። በአገራችን በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ ቤቱ የገባ ሰው የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው፤ ያ እግር የሌለው ጅብ ያሉት ነው የወሰዳቸው። ሲሄድ ጩኸቱ እስከ ቤታቸው ድረስ ተሰማኝ።

በማግስቱ በቃሬዛ ደጀ ሰላም አመጧቸው። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። መምሬ ቀለመወርቅ መስቀሉን ይዘው «እመት ትርንጎ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማርሽ?» አሉ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ግራ እጃቸውም ከብርድ ልብሱ ወጣ፣ ድምፅም አወጡ። ግን ቃል አልነበረም። አንዳንዱ ሽማግሌ ይበቃል፣ እሺ ማለታቸው ነው አለ። የአለሙ ታላቅ አጎት «አፍ የሌለው ቃል ምን ቃል ነው? እምቢ ማለቷ ቢሆንስ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ሲነሡ ይናገሩታል፣ እናቆየው» አለ። ተበተኑ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ሳለሁ ዓይናቸው እኔን ሲፈልግ ያየሁ መሰለኝ፤ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊቴን አዙሬ ነበርና።

ጥቂት ቆይቶ አለሙ ራሱ ቤታችን መጣ። በቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው እያየው። ጦሩን ከአጥሩ ውጭ ተክሎ ገባ። «እትዬ» ብሎ ጠራኝ። ልጅ ሳለ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ፤ ከጌጡ ሞት ወዲህ በስም አልጠራኝም ነበር። ዘውገ ተነሥቶ መቀመጫ ሰጠው፤ አልተቀመጠም። «እናቴ በዚያች ሰዓት ከአንቺ በቀር ሰው አልነበራትም። የመጨረሻ ቃሏ ያለው በአንቺ ጆሮ ነው። ማርኩ ብላ ከሆነ በሚካኤል ስም ምለሽ ንገሪኝ። አጎቶቼን እኔ እይዛቸዋለሁ» አለ።

አየህ ወንድሜ? ሰውየው መንገድ ከፈተልኝ። ምናልባት እርሱም እንድለው ፈልጎ ይሆናል። «አዎ፣ ብለዋል» ብል አሁን ይህንን ወረቀት የምታነበው ድንጋይህን እየፈለግህ ነበር። ፊትህ መጣብኝ፤ ጥርስህ፣ ያ ስትስቅ የምትዘጋው ዓይንህ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እርሳቸው እዚያ ማዶ ተኝተው ይሰማሉ። መናገር በማይችሉ ሴት አፍ ያላሉትን ማስገባት፣ እዚያው መሬት ላይ ወድቀው ሳሉ ሁለተኛ ጀርባዬን መስጠት ሆነብኝ። አልቻልሁም። ይቅር በለኝ፣ አልቻልሁም። «‘ልጄ’ አሉኝ። ‘አንሺኝ’ አሉኝ። ሥርዓቱን ፈርቼ አልዞርሁም» አልሁት።

ጦሩን የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። አላነሣም። አለሙ «እኔም ብሆን አልዞርም ነበር። ውዴም አትዞርም ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው» አለ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ እንዲህ አለኝ፦ «አንሺኝ አለችሽ እንጂ ማርኩ አላለችሽም። ወንድምሽ አይምጣ። ቢመጣ እኔም ሥርዓቱ የሚለኝን አደርጋለሁ።» ሲወጣ እትዬ አላለኝም።

እንግዲህ በየት በኩል ልምጣ ላልኸው መልሱ ይኸው ነው። በሸንተረሩ አትምጣ፤ ተቆርጧል። በፈፋው አትምጣ፤ ተቀብሯል። በሠረገላው መንገድ አትምጣ፤ በዚያ ከመጣህ ከአለሙ ጋር ፊት ለፊት ነው የምትገናኘው፣ ዳርም የለውም። የጨው ነጋዴው መንገዱ ጥሩ ነው፣ እንደ መዳፍ የተስተካከለ ነው ብሎህ ይሆናል። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ መንገድ በአገራችን ታይቶ አያውቅም። አንተን ግን አያመጣም።

አንዲት ተስፋ ብቻ አለችኝ፤ ተስፋ ከተባለች። ውዴ ትናንት ውኃ ስትቀዳ በአጥሩ ላይ ሆና ለሰው ስትናገር ሰማኋት፤ ከንፈራቸው ትንሽ ለሰስ ብሏል፣ የአንዱን ቅዱስ ስም ለመጥራት ሞከሩ አለች። በየጠዋቱ ጆሮዬን ወደዚያ ቤት አደርጋለሁ። ቢድኑና አፋቸው ቢፈታ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢሏት፣ እኔው ራሴ ጉልበቴን እያሻሸሁ እስከ ይፋግ ሄጄ እልክብህ ነበር።

በል እንግዲህ፣ የእግዚአብሔር ዓይን ከአንተ አይለይ። የተኛህበት ይድላህ፣ የበላኸው ይስማማህ፣ ሳልህን ቅዱስ ሚካኤል ያርቅልህ። ባዕድ አገር የወለድሃቸውን ልጆች ሳምልኝ፤ አክስት አለቻችሁ በላቸው። የት ናት ካሉህ፣ መንገዱ ርቆባት ነው በላቸው።

እህትህ።

ወረቀቱን ሳላጥፈው ሰው ደጅ ተጣራ። ውዴ ናት። መቀነቷን ከደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ኩታዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች። ልወጣላት ስል እጇን ዘርግታ አቆመችኝ። «አለሙ ልኮኝ ነው» አለች። «ነገ ጠዋት ከኛ ቤት እስከ ሚካኤል ድረስ መንገዱን ተዉልን ብሏል። ከቤታችሁ አትውጡብን።» እሺ አልኋት። ሄዳ ነበር፣ ተመለሰች። ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ «አትቀየሚን፤ እኛም ሌላ መንገድ የለንም» አለችኝ።